ብርቱካንማዋ ካርድና የተፋቀው ስም

ካርዷ መዳፍ አትሞላም። ቁመቷ ዘጠኝ ሴንቲሜትር ተኩል ያህል ነው፤ ወርዷ ሰባት ለመሙላት ጥቂት ይጎድለዋል። መደቧ ደማቅ ብርቱካንማ ሲሆን እዚያ ላይ አንድ ጥቁር ወጣት የቡድኑን ኮፍያ አድርጎ ይታያል። ከጎኑ ያው ልጅ ሙሉ ቁመናውን ይዞ በትንሹ፣ በጥቁርና ነጭ ታትሟል። ስሙ አለ፣ ፊርማው አለ፣ የክለቡ ዓርማ አለ። ቁጥሯ 128 ነው። ያሳተማት የብሩክሊኑ የማስቲካ ፋብሪካ ቶፕስ ሲሆን ዓመቱ 1954 ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖችና ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በዚያ ዓመት ቶፕስ 250 የተጫዋቾች ካርድ አወጣ። የአሜሪካ ልጆች በሰም ወረቀት ተጠቅልሎ ከሮዝ ማስቲካ ጋር ከሰፈር ሱቅ በሳንቲም ይገዙት ነበር። ማስቲካው ይታኘካል፤ ካርዱን ይቀያየሩበታል፣ በላስቲክ አስረው ኪሳቸው ይከቱታል። አንዳንዱም የብስክሌት ጎማ ሽቦ መሃል ይሰካና እንደ ሞተር ያንተረትራል። ጥጉ ሳይታጠፍ፣ ቀለሙ ሳይለቅ የቆየው ጥቂት የሆነው ለዚህ ነው። ዛሬ እነዚያን ካርዶች ባለሙያ መርምሮ ከአንድ እስከ አሥር ነጥብ ይሰጣቸዋል፤ በጠንካራ ፕላስቲክም ይታሸጋሉ። 128 ቁጥሯ ካርድ በጣም ጥሩ ይዞታ ላይ ከተገኘች በጨረታ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ታወጣለች።

በካርዷ ላይ ያለው ልጅ ሄንሪ አሮን ነው፤ ዓለም ሀንክ አሮን ብሎ የሚያውቀው። ቤዝቦል ለማይከታተል አንባቢ ይህን ያህል ልበል፦ አንዱ ይወረውራል፣ ሌላው በዱላ ይመታል። ኳሷን ከሜዳው አጥር ማዶ ያሻገረ መቺ አራቱን ማረፊያ ማንም ሳይከለክለው ዞሮ ይመለሳል፤ ይህ ሆም ረን ይባላል። አሮን በ23 ዓመት ጨዋታው 755 ሆም ረን መትቷል።

ካርዷን ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ያነሣሁበት ምክንያት ግን ፊቷ ላይ አይነበብም። ካርዷ ከመታተሟ ሁለት ዓመት በፊት አሮን ይጫወት የነበረው ኢንዲያናፖሊስ ክላውንስ ለሚባል የጥቁሮች ቡድን ነበር። ይህ ቡድን ደግሞ ከ1943 በፊት ኢትዮጵያን ክላውንስ ተብሎ ይጠራ ነበር። ክላውን ማለት ፊቱን ቀለም ተቀብቶ ሕዝብ የሚያስቅ ቀልደኛ ነው። በአማርኛ ስንመልሰው እንግዲህ “የኢትዮጵያ ቀልደኞች” ማለት ይሆናል። ይህን መጀመሪያ ያነበብኩ ዕለት ደጋግሜ አየሁት፤ ዓይኔን ማመን አቅቶኝ።

ስሙ ከየት መጣ? በ1935 ጣሊያን ኢትዮጵያን ስትወር የጥቁር አሜሪካውያን ልብ ከእኛ ጋር ነበር። ሃርለምና ቺካጎ ላይ ሰልፍ ተወጣ፣ ገንዘብ ተዋጣ። ጆን ሮቢንሰን የተባለው የቺካጎ አብራሪ አገራችን ድረስ መጥቶ በንጉሠ ነገሥቱ አየር ኃይል አገለገለ። ፒትስበርግ ኩሪየር የተባለው የጥቁሮች ጋዜጣ ጄ. ኤ. ሮጀርስን ልኮ ጦርነቱን አዘገበ። ከዚያም በፊት ቢሆን ስለ ኢትዮጵያ እጅ መዘርጋት የሚናገረው የመዝሙረ ዳዊት ቃል ከጥቁሮች ስብከት ተለይቶ አያውቅም። አቢሲኒያን ባፕቲስት ቸርች ኒውዮርክ ላይ የተመሠረተችው በ1808 ነው። ለእነዚያ ሰዎች ኢትዮጵያ ማለት ባርነት ያልነካው የራሳቸው ስም ነበረች።

ይሁን እንጂ ያው ቃል በአሜሪካ ሌላ ታሪክም ነበረው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነጭ ዘፋኞች የተቃጠለ የቡሽ ጥላሸት ፊታቸውን ተቀብተው በጥቁሮች የሚሳለቁበትን መድረክ “ኢትዮጵያዊ” እያሉ ይጠሩት ነበር። አንዱ ቃል፣ በአንድ በኩል ቤተ ክርስቲያን፣ በሌላ በኩል የፌዝ ቤት ሆኖ ኖረ። የኳስ ቡድኑ ስሙን የቀዳው ከሁለቱም ምንጭ ነው ብዬ አምናለሁ። ማያሚ ላይ ተመሥርቶ ሲድ ፖሎክ የተባለ ነጭ የጨዋታ አዘጋጅ ከተማ ለከተማ የሚያዞረው ይህ ቡድን፣ የጦርነቱ ወሬ ገና ሳይበርድ የአገራችንን ስም ለትኬት መሸጫ አዋለው።

ተጫዋቾቹ ፊታቸውን በቀለም ያዥጎረጉሩ ነበር። በጨዋታው ማስታወቂያ ላይም አፍሪካዊ የሚመስሉ የፈጠራ ስሞች ይወጡላቸው ነበር። ተመልካቹ ከሁሉ አብልጦ የሚወደው ያለ ኳስ የሚጫወቱትን ጨዋታ ነው። ወርዋሪው እጁን አዙሮ ይለቃል፤ የያዘው ነገር የለም። መቺው በዱላው ይሰነዝራል። ሜዳ ላይ ያለው ተወርውሮ አየር ላይ “ይቀልባል”፣ ወድቆም ተነሥቶ ወደ ጓደኛው ይወረውራል። ቅልጥፍናቸው ከማየሉ የተነሣ ሩቅ የተቀመጠ ሰው ኳሷን ያየ ይመስለው ነበር። ይህ ቀልድ ነው ተብሎ ይለፍ እንጂ የጨዋታውን እያንዳንዱን እንቅስቃሴ አጥንቶ የጨረሰ ሰው ካልሆነ የሚችለው አይደለም።

ኳስም ይችሉ ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አዲስ አበባ በተመለሱበት በዚያው በ1941፣ ኢትዮጵያን ክላውንስ በኮሎራዶ የሚካሄደውን ታዋቂውን የዴንቨር ፖስት ውድድር አሸንፈው ዋንጫ ወሰዱ። በአንድ ዓመት ውስጥ ኢትዮጵያም ነፃ ወጣች፣ ስሟን የተሸከሙት ቀልደኞችም አሸነፉ። ያን ቀን ሜዳ ላይ ከነበሩት አንዱም ይህን አላሰበው ይሆናል፤ እኔ ግን ሳስበው ልቤ ይሞላል።

የጥቁሮች ጋዜጠኞች ስሙን አልወደዱትም። በኩሪየር የሚጽፈው ዌንደል ስሚዝ የቀለሙንም የስሙንም ነገር አጥብቆ ተቃወመ። ሆምስቴድ ግሬይስ የተባለው የጥቁሮች ቡድን ባለቤት ከምበርላንድ ፖሲም እንደዚሁ። ለክብሯ ስትዋጋ የኖረችን አገር ስም ለሣቅ ማዋል ለእነሱ ነውር ነበር። በ1943 ክላውንስ በወቅቱ አጠራር የኔግሮ አሜሪካን ሊግ ወደተባለው ማኅበር ሲገቡ “ኢትዮጵያን” የሚለውን ቃል እንዲፍቁ፣ ቀለሙንም እንዲተዉ ተደረገ። መጀመሪያ የሲንሲናቲ፣ በኋላም የኢንዲያናፖሊስ ክላውንስ ሆኑ።

ስሙ መፋቁ ትክክል ነበር። ስሚዝ እኛ ሳንጠይቀው ቆሞልናል፤ ያን ጊዜ እኛ መኖሩንም አናውቅም ነበር። ቀለም የተቀቡትን ልጆች ግን የምወቅስበት አፍ የለኝም። ነጮቹ ትልልቅ ክለቦች በር ዘግተውባቸው በአውቶቡስ እየተኙ፣ ከተማ ለከተማ እየዞሩ እንጀራቸውን ያገኙት በዚያ ሜዳ ነው።

ሄንሪ አሮን የተወለደው በአላባማ ግዛት ሞቢል ከተማ፣ ፌብሩዋሪ 5 ቀን 1934 ነው። ቤተሰቡ ድሃ ነበር፤ ልጆቹ ስምንት። ዱላና ኳስ መግዛት ስለማይችል የጠርሙስ ክዳን በመጥረጊያ እንጨት እየመታ አደገ። ያስተማረው ስላልነበረም እጁን አገላብጦ፣ ግራውን ከቀኝ በላይ አድርጎ ይይዝ ነበር። ለቀኝ መቺ ይህ አያያዝ የእጅ አንጓ ሊጎዳ የሚችል ስሕተት ነው። እሱ ግን እንደዚያ ይዞም ከሁሉ አስበልጦ ይመታ ነበር። በ1947፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያው ጥቁር ሆኖ ወደ ነጮቹ ትልቅ ሊግ የገባው ጃኪ ሮቢንሰን በማግስቱ ዓመት ሞቢል መጥቶ ሲናገር ሄንሪ ከትምህርት ቤት ቀርቶ ሊሰማው ሄደ።

በ1952 የጸደይ ወራት እናቱ ባቡር ጣቢያ ሸኘችው። አሮን በኋላ እንደሚተርከው ኪሱ ውስጥ የነበረው ሁለት ዶላር ሲሆን እጁ ላይ ደግሞ እናቱ የቋጠረችለት ሳንድዊች ነበር። ክላውንስ በወር 200 ዶላር ሊከፍሉት ተስማምተዋል። ያን ጊዜ የማሳቁ ሥራ ለጥቂቶች ተትቷል፤ ኪንግ ተት የሚባለው ቀልደኛ ግዙፉን ጓንቱን አጥልቆ ተመልካቹን ያጫውታል፣ አሮንና ጓደኞቹ ደግሞ ኳሳቸውን ይጫወታሉ።

ከእነዚያ ወራት አሮን ዕድሜውን ሙሉ ያልረሳው አንድ ጠዋት አለ። ቡድኑ ዋሽንግተን ዲሲ ገብቶ ዝናብ ያዘውና ከግሪፊዝ ስታዲየም ኋላ ካለ ምግብ ቤት ቁርስ በላ። በልተው ሲጨርሱ ከማዕድ ቤቱ የሚሰባበር ዕቃ ድምፅ መጣ። ጥቁሮቹ የበሉበትን ሳህን እየሰበሩት ነበር። ገንዘባቸውን ተቀብለው፣ ምግቡን አቅርበው፣ ሳህኑን ግን አጥቦ መልሶ መጠቀም ተጸየፉ። ይህ የሆነው በአሜሪካ ርእሰ ከተማ ነው። ዛሬ በዚያች ከተማ የሐበሻ ምግብ ቤት ሞልቷል፤ ቅዳሜ ማታ ነጩም ጥቁሩም በአንድ መሶብ ዙሪያ ይቀመጣል። ያን መሶብ ሳይ የተሰበሩት ሳህኖች ይታወሱኛል።

ሁለት ክለቦች ፈለጉት፤ የኒውዮርክ ጃያንትስና የቦስተን ብሬቭስ። ብሬቭስ በወር 50 ዶላር ብልጫ ስላቀረቡ ወደ እነሱ ሄደ፤ ለፖሎክም 10,000 ዶላር ከፈሉ። ሃምሳ ዶላር ባትበልጥ ኖሮ አሮንና የጃያንትሱ ኮከብ ዊሊ ሜይስ በአንድ ሜዳ ጎን ለጎን ይሰለፉ ነበር። በ1953 ጃክሰንቪል ተላከ። በደቡቡ በሳውዝ አትላንቲክ ሊግ ለመጀመሪያ ጊዜ ከተሰለፉት አምስት ጥቁሮች አንዱ ሆነ። ነጭ ጓደኞቹ ሆቴል ሲገቡ እሱ የጥቁር ቤተሰብ ቤት ፈልጎ ያድራል፤ እነሱ ምግብ ቤት ሲበሉ እሱ አውቶቡስ ውስጥ ይጠብቃል። ከተመልካቾች መቀመጫ ሲሰደብ ከርሞ በዓመቱ መጨረሻ የሊጉ ኮከብ ተጫዋች ተባለ።

ትልቁን ቡድን የተቀላቀለው በሰው ጉዳት ነው። ማርች 13 ቀን 1954 የብሬቭሱ ተጫዋች ቦቢ ቶምሰን በልምምድ ጨዋታ ላይ ቁርጭምጭሚቱ ተሰበረና ቦታው ለሃያ ዓመቱ ልጅ ተለቀቀ። ክለቡ በዚህ ጊዜ ከቦስተን ወደ ሚልዋኪ ተዛውሯል። አሮን ኤፕሪል 13 ቀን በመጀመሪያ ጨዋታው አምስት ጊዜ የመምታት ተራ ደርሶት አንድም አልመታም። የመጀመሪያውን ሆም ረን ከአሥር ቀን በኋላ ሴይንት ሉዊስ ላይ አገኘ። ብርቱካንማዋ ካርድ የዚህ ዓመት ልጅ ናት። “ሀንክ” የሚለው ስም እንኳ አዲስ ነው፤ የክለቡ የሕዝብ ግንኙነት ሰው ለጋዜጣ እንዲያመች ያወጣለት ነው እንጂ ቤተሰቡና የቅርብ ወዳጆቹ እስከ መጨረሻው ሄንሪ ነበር የሚሉት።

ከዚያ በኋላ የመጡት ካርዶች የሚነግሩን ነገር ደግሞ ያሳዝነኛል። የ1956ቱ የቶፕስ ካርድ የአሮንን ፊት በትልቁ ያሳያል፤ ከበስተኋላው ተንሸራቶ ሲገባ የሚታየው ተጫዋች ግን አሮን አይደለም፣ ዊሊ ሜይስ ነው። የሜይስን ፎቶ ወስደው የብሬቭስን ማሊያ ቀቡበት። በ1957 ደግሞ ፎቶው ተገልብጦ ታተመና ቀኝ እጁ አሮን በግራ የሚመታ ሆነ፤ የማሊያው ቁጥር 44 ተገልብጦ ሲታይ ያስተዋለ አራሚ አልነበረም። ሰብሳቢዎች እነዚህን እንደ ጉድ ይወዷቸዋል። እኔ የማየው ሌላ ነው፤ ሰውየውን አሳታሚዎቹ ገና አላዩትም ነበር።

ያ 1957 ግን የእሱ ዓመት ነበር። ሴፕቴምበር 23 ማታ በ11ኛው ዙር የመታት ኳስ ሚልዋኪን የሊጉ ሻምፒዮን አደረገችና ጓደኞቹ ትከሻቸው ላይ ተሸክመውት ወጡ። በዚያው ዕለት አርካንሳስ ውስጥ ሊትል ሮክ ላይ፣ ነጭ መንጋ ትምህርት ቤት ከቦ ዘጠኝ ጥቁር ተማሪዎችን አስወጥቷል። ሚልዋኪ ኒውዮርክ ያንኪስን በሰባት ጨዋታ ረትቶ የዓለም ሻምፒዮን ሲባል አሮን በፍጻሜው ሦስት ሆም ረን መትቶ ነበር። የዓመቱም ኮከብ እሱ ሆነ።

ከዚያ በኋላ ያለው አሥራ ምናምን ዓመት ባጭሩ ይነገራል፤ ታላቅነቱም እዚያ ላይ ነው። የድሮው ነጭ የቤዝቦል ጀግና ቤብ ሩት በአንድ ዓመት 60 ሆም ረን መትቷል። አሮን ከ47 በልጦ አያውቅም። ነገር ግን ሃያ ዓመት በተከታታይ ከ20 አላነሰም። አራት ጊዜ ልክ 44 መታ፤ የማሊያውን ቁጥር ያህል። ማንም ሳያጨበጭብ፣ እንደ ገበሬ፣ ክረምት ከክረምት ማረሻውን ሳይጥል አከማቸ። ብሬቭስ በ1966 ወደ አትላንታ ሲዛወሩ ወደ ደቡብ መመለሱን ፈርቶት ነበር። በ1973 የውድድር ዘመን ማብቂያ ላይ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፤ ቁጥሩ 713 ደረሰ። ሩት በ1935 ጨዋታ ሲያቆም በተወው የ714 ክብረ ወሰን ላይ ለመድረስ አንዲት ብቻ ቀረችው።

በዚያ ዓመት ወደ 930,000 የሚጠጋ ደብዳቤ ደረሰው። የአሜሪካ ፖስታ ቤት ከፖለቲከኞች ውጪ ከሁሉ የበለጠ ደብዳቤ የተላከለት ሰው ብሎ ሰሌዳ ሰጠው። ብዙው የማበረታቻ ነበር። የቀረው ግን ጥቁር ሰው የነጩን ጀግና ክብር ሊነካ አይገባም የሚል ስድብና የግድያ ዛቻ ነው። ፖሊስ አጃቢ ተመደበለት፤ ሆቴል የሚመዘገበው በሌላ ስም ሆነ። ኮሌጅ የምትማር ልጁን ለመጥለፍ ታስቧል ተብሎ ኤፍ ቢ አይ ገባበት። እሱ ደብዳቤዎቹን አልቀደደም፤ ዕድሜውን ሙሉ አስቀመጣቸው።

ያን ክረምት ቶፕስ የ1974ቱን ስብስብ አወጣ። አንደኛዋ ካርድ አሮን ነበር፤ ጽሑፏም አዲሱ የሆም ረን ንጉሥ ትለዋለች። ገና አልመታም እኮ! ከእሷ ቀጥሎ ባሉት አምስት ካርዶች ላይ የቀድሞ ካርዶቹ በትንሹ ታትመው ተደርድረዋል፤ ብርቱካንማዋም በመካከላቸው አለች። ፊቱን ሳያውቅ የሌላ ሰው ገላ የቀጠለበት ፋብሪካ አሁን ሳይመታ አነገሠው። በየሱቁ ልጆች ያን ካርድ ያዩ ነበር፤ ሰውየው ግን ጸደይ ላይ በሕይወት ይደርስ እንደሆን እርግጠኛ አልነበረም።

ደረሰ። ኤፕሪል 4 ሲንሲናቲ ላይ 714ኛውን መታ። ዕለቱ ማርቲን ሉተር ኪንግ የተገደሉበት ስድስተኛ ዓመት ስለነበር የኅሊና ጸሎት እንዲደረግ ጠይቆ ተከልክሏል። ኤፕሪል 8 አትላንታ ላይ 53,775 ሰው ገባ። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ከሰባት ደቂቃ፣ በአራተኛው ዙር፣ አል ዳውኒንግ የወረወራትን ኳስ አሮን አንድ ጊዜ ሰንዝሮ ከግራ አጥር አሻገራት። 715። አንገቱን ደፍቶ፣ እንደ ወትሮው ሳይፈጥን ዞረ። ከተመልካች መሃል ዘለው የገቡ ሁለት ወጣቶች ከጎኑ ሲሮጡ አጃቢው ሽጉጡን ላውጣ አላውጣ ሲል ቆይቶ ተወ፤ ልጆቹ የመጡት ትከሻውን መታ መታ ሊያደርጉት ነበር። መጨረሻው ማረፊያ ላይ ሲደርስ እናቱ ከሕዝቡ መሃል ወጥታ አንገቱን አቀፈችው፤ አልለቅም አለች። ሁለት ዶላርና ሳንድዊች አስይዛ ከሸኘችው ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖታል። የሊጉ ኮሚሽነር ግን በስታዲየሙ አልነበሩም።

ሚልዋኪ ተመልሶ በ1976 ቁጥሩን 755 ላይ አቆመ። በኋላም ብሬቭስ ውስጥ በአመራር ቦታ ከተቀመጡት የመጀመሪያዎቹ ጥቁሮች አንዱ ሆነ። ባሪ ቦንድስ የተባለው ተጫዋች በ2007 ቁጥሩን አልፎታል። በዱላው ያስገባቸው 2,297 ነጥቦች ግን እስካሁን የደረሰባቸው የለም። ጃንዋሪ 22 ቀን 2021 በ86 ዓመቱ አርፎ አትላንታ በሳውዝ ቪው መካነ መቃብር ተቀበረ። ከመሞቱ አንድ ወር ቀደም ብሎ ትልቁ ሊግ ከ1920 እስከ 1948 የተጫወቱትን የጥቁር ሊጎች እኩያዬ ናቸው ብሎ ተቀበለ። ክላውንስ ከ1943 ጀምሮ በሊጉ የተጫወቱት በዚህ ታቀፈ፤ አሮን የተጫወተበት 1952 ግን ከወሰኑ ውጪ ቀረ።

አትላንታ የምትኖሩ ወገኖቼ፣ አሮጌው ስታዲየም ፈርሷል። 715ኛዋ ኳስ ያለፈችበት የአጥር ክፍል ግን ተጠብቆ ቆይቷል፤ በአካባቢው ያለው መንገድም ሀንክ አሮን ድራይቭ ይባላል። በዚያ ስታልፉ ልጆቻችሁን ከመኪና አውርዷቸውና ይህ ሰው በሙያ ደረጃ መጀመሪያ የተጫወተበት ቡድን አንድ ጊዜ የኛን ስም ይዞ እንደነበር፣ ጥቁር ጋዜጠኞችም ለክብራችን ብለው እንዳስፋቁት ንገሯቸው።